የአራሶች ክፍል ነፋስ

ሞምባሳ፣ ቅዳሜ ማርች 18

ሙስካት ላለሽው እናቴ፣ አሰላሙ አለይኩም። ዓይንሽ እንዴት ነው? መርፌ የምትይዢበት ጣትሽስ ዳነ?

ነገሩ የተበላሸው ፌብሩዋሪ 21 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። በአዲሱ የአራሶች ክፍል ሦስተኛው አልጋ ላይ የተኛች ሪዚኪ የምትባል ሴት ብድግ አለች፤ ከወገቧ ያገለደመችውን የሌሶ ጨርቅ ፈታች፤ በግቢው በኩል ካለው የመስኮት ብረት ጋር አራቱን ጫፍ ቋጠረችና ተመልሳ ልጇን ማጥባት ጀመረች። እኔ ክፍሉ መሃል ቆሜ ነበር። ከባሕሩ በኩል እየገባ ማጅራቴን ሲዳስሰኝ የቆየው ነፋስ ወዲያው ደከም አለ። ከዚያ አራተኛው አልጋ ላይ ያለችው አሰረች፤ ከዚያ ሰባተኛው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በግቢው በኩል ያሉት ስምንቱም መስኮቶች ቀይና ቢጫ ሌሶ ለበሱ። ክፍሉ እንዴት እንዳማረ ብታዪ! ነፋሱ ግን ሞተ። ስምንት ወር ሙሉ በኮምፒውተር ላይ ሳስነፍሰው የኖርኩት ነፋስ በዓይኔ ፊት፣ በቋጠሮ ሞተ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በዚያ ሙቀት፣ አንዲት አራስ ልጇን እንደታቀፈች ራሷን ሳተች። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሻምሳ ልጁን ከመሬት ሳይደርስ ቀለበችው። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ጥያቄ ተነሳ፤ ጥያቄ ሲነሳ ደግሞ አለቃዬም የሆነው አጎቴ ስዋሌህ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። የቀረውን አንቺ የሰማሽው ከእሱ አፍ ነው። አሁን ከእኔ ስሚው።

የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ከጀርባሽ የስፌት መኪናዎቹ ይንጫጫሉ። «ልጄ፣ ወንድሜ ክፉ አያስብልሽም፤ ፈርሚና ይለፍ» ትያለሽ። በድምፅ ያልመለስኩልሽ ስልክሽን እንደ ሬዲዮ ጮክ አድርገሽ ስለምትሰሚ፣ የስፌት ቤቱ ሴቶችም አብረው ስለሚያደምጡ ነው። ይህን ደብዳቤ አብራኝ የምትኖረው ናስራ ማክሰኞ ስትበር ይዛልሽ ትመጣለች። ሰኞ ከሚሆነው ነገር በኋላ እንዲደርስሽ የፈለግኩትም ሆን ብዬ ነው። ተቆጪኝ፤ አልዋሽሽም።

ጎረቤቶችሽ «ልጅሽ ሥራዋ ምንድን ነው?» ሲሉሽ «ቤት ትስላለች» እንደምትያቸው ናስራ ነግራኛለች። አልስልም እማዬ። ገና ያልተሠራ ቤት ውስጥ ነፋስ እንዴት እንደሚሄድ አስቀድሜ አያለሁ። ክፍሉን በኮምፒውተር ላይ በሚሊዮን ትንንሽ ሣጥኖች እቆራርጠዋለሁ። አንቺ የቀሚስ ጀርባውን በሰፊው፣ ብብቱን ግን በጥንቃቄ በትንንሹ እንደምትቆርጪው፣ እኔም የክፍሉን መሃል በትልልቁ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ደግሞ በደቃቁ እቆርጣለሁ፤ አየር የሚያስቸግረው እንደ ብብት ጠባብ ቦታ ላይ ነውና። ከዚያ እያንዳንዱ ሣጥን ጎረቤቱን ይጠይቃል፦ ምን ያህል አየር ሰጠኸኝ? የቱን ያህሉን ለማን ላሳልፍ? ሁሉም ሒሳባቸው እስኪገጥም ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይለፋል። ሲገጥም ነፋሱ በቀለም ይታያል። በመስኮት ገብቶ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተሰንጥቆ፣ ጣሪያ ነክቶ ሲመለስ ታዪዋለሽ። የመጀመሪያ ቀን ሳየው አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ? ዕድሜ ልኬን ስተነፍሰው የኖርኩትን ነገር ያኔ ነው መልኩን ያየሁት።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ። አየር መግቢያ ስላለው ብቻ አይገባም፤ መውጫም ይፈልጋል። መውጫውን ከዘጋሽበት መግቢያው ላይ ቆሞ ይቀራል።

የአራሶቹ ክፍል የተሠራው በዚህ ነው። በካስካዚ ወራት ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ይመጣል፣ ስምንቱን የባሕር መስኮቶች ገብቶ በአልጋዎቹ ላይ ያልፋል፣ በስምንቱ የግቢ መስኮቶች ይወጣል። የክፍሉ አየር በሰዓት አሥራ ሁለት ጊዜ ይቀየራል። ማቀዝቀዣ የለ፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ የለ። አጎቴ ጨረታውን ያሸነፈው በዚህ ስሌት ነው። ሪፖርቱ ላይ የፈረመው እሱ ነው፤ ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ግን ያኔም አንድ ነገር ከነከነኝ። መስኮቱ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል ያለው ማን ነው? ስለዚህ አሮጌው የአራሶች ክፍል ሄጄ አራት ጠዋት ተቀመጥኩ። ሴቶቹ በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት ሲሸፍኑ አየሁ። «ነፋስ ልጁን ይመታብኛል» ይላሉ። አንቺም እኔን እንደዚያው አድርገሽ ነው ያሳደግሽኝ፤ እስከ አርባ ቀኔ የመስኮት ቀዳዳ በጥጥ ደፍነሽ ነበር አሉ። ተመለስኩና ጨርቅ የተጋረደበትን ክፍል ደግሜ አሰላሁ። አሥራ ሁለቱ አራት ሆነ። ይህን በሪፖርቱ ገጽ አሥራ አራት ላይ አስቀመጥኩት፤ መፍትሔም ጻፍኩበት። በመስኮቶቹ ላይ ወደ ታች ያዘነበሉ ጣውላዎች ይግቡ፤ ነፋስ ያሳልፋሉ፣ ሴትየዋን ይሸፍናሉ፣ ጨርቅ ማሰር አያስፈልግም አልኩ።

አጎቴ አነበበው። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

«ኮምቦ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሴቶቹ መስኮት ይሸፍናሉ። አይቻቸዋለሁ።»

«እኔ የማስረክበው ሕንፃ ነው። የሴት ጨርቅ ሪፖርቴ ውስጥ አላስገባም። ይስቁብናል።»

«አየሩ ሲጠፋስ?»

«ሲጠፋ ነርሶቹ ጨርቁን ያስፈቷቸዋላ! አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ገጽ አሥራ አራት ከዚያ ወጣ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን አልክድም፤ ሰኞም አልክደውም።

አራሷ ከወደቀች በኋላ የክሊኒኩ ኮሚቴ ጠራን። ሰብሳቢው ሐኪም በጨዋ ደንብ ነው የጠየቁት፦ «ለመሆኑ ሴቶቹ መስኮት ሊሸፍኑ እንደሚችሉ አላሰባችሁም?» ወደ አጎቴ ዞርኩ። ገጽ አሥራ አራት በጭንቅላቱ ውስጥ ሲገለጥ ያየሁት መሰለኝ። እሱ ግን ፈገግ አለና «ስሌቱን የሠራችው ልጅ ገና ናት፤ የእህቴ ልጅ ናት። አላገባችም፣ አልወለደችም። ኮምፒውተር እንጂ አራስ የት ታውቃለች?» አለ። ሳቁ። ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ ስድስቱ ሳቁ። አፌን ስከፍት እጄን ጠረጴዛው ስር ያዝ አደረገና «ቤት እንነጋገራለን» አለኝ በሹክሹክታ፣ ልክ ልጅ ሆኜ ሰው ፊት ሳስቸግር ያደርገኝ እንደነበረው።

በአጎቴ ተናደድኩ። ግን ልብ ብለሽ ስሚኝ እማዬ፣ ከንዴቱ በላይ የበላኝ ሌላ ነገር ነው። ክሊኒኩ ክፍሉን በመሣሪያ አስለክቶ ነበር። በሰዓት አንድ ጊዜ! የእኔ ገጽ አሥራ አራት ግን የሚለው አራት ጊዜ ነበር። ሌሶ ያው ሌሶ፣ መስኮት ያው መስኮት። ሦስቱ ወዴት ሄደ? አጎቴ ገጹን ባይደብቀውም እኔ ተሳስቼ ነበር ማለት ነው። ይህን እያወቅኩ «እኔ ትክክል ነበርኩ» ብዬ ልጮህ አልፈለግኩም።

ስለዚህ ከናስራ የጥጥ ክር ለምኜ፣ ስንዝር ስንዝር ቆራርጬ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተር ሻምሳ በሩ ላይ ወገቧን ይዛ ተቀበለችኝ።

«ኢንጂነሯ መጣች! ደግሞ ክር ይዛ! ልትሰፊን ነው?»

«ነፋሱን ላይበት ነው፣ ሲስተር። ክሩ ወዴት እንደሚያዘነብል አያለሁ።»

«እስከዛሬ በምን አይተሽ ነው ታዲያ የሠራሽው?»

«በኮምፒውተር።»

«ያ አንቺ ዘንድ የሚነፍሰው ለኛም ይነፍስልን!» ብላ አሳለፈችኝ።

በየመስኮቱ ብረት ላይ ክር አንጠለጠልኩ። በባሕሩ በኩል ያሉት ስምንቱም መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል። አንድም ጨርቅ የለባቸውም! የተሸፈኑት የግቢዎቹ ናቸው። ያን ማክሰኞ ሲያስሩ በዓይኔ እያየሁ፣ የትኛው ወገን እንደሆነ ግን ልብ አላልኩትም ነበር። ሪዚኪ ወልዳ ከወጣች በኋላ ለምርመራ ተመልሳ እዚያው ተቀምጣ ነበርና ጠየቅኳት።

«ነፋሱ የሚመጣው በባሕሩ በኩል አይደለም እንዴ? ለምን ያን አትሸፍኑም?»

«ጠዋት ጠዋት እንሸፍነዋለን፤ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እንፈታዋለን። ይሄኛው ግን የሰው ነው።»

«የምን ሰው?»

ሳትመልስልኝ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ የጥየቃ ሰዓት። ወንድ ወደ አራሶች ክፍል አይገባም፤ ስለዚህ ባሎች ሁሉ ከነጓደኞቻቸው፣ ከነወንድሞቻቸው፣ ግቢው ውስጥ መስኮት ስር ተኮለኮሉ። አንዱ ከሥር ይጮኻል፦ «ኧረ ልጁ አፍንጫው የማን ነው?» ከሌሶው ጀርባ መልስ ይመጣል፦ «ያንተ እንዳይሆን ዱዓ አድርግ!» ግቢው በሳቅ ይፈርሳል። ሌላው ባለቤቱ ማታ ሾርባ መጠጣቷን ለማረጋገጥ ሁለቴ ያስምላታል። ሪዚኪ ወደ እኔ ዞረች፦ «የኔው ባል ስምንት ሰው ይዞ ነበር የሚመጣው። ስምንት! ጡቴን አውጥቼ፣ ፀጉሬን ሳላበጥር፣ ለስምንት ሰው ልታይ? ነፋስ ቢቀር ይቅር።»

እኔ አራት ቀን የተቀመጥኩት በጠዋት ነበር። ከነፋስ የሚደበቁበትን ሰዓት አይቼ ከዓይን የሚደበቁበትን ሳላይ ወጣሁ። ሲስተር ሻምሳ ፊቴን አይታ «ምነው፣ ክሩ ምን አለሽ?» አለችኝ። «ሞኝ ነሽ አለኝ» አልኳት። «እሱማ እኛም ስንልሽ ነበር» አለችና የተቀዳ ሻይ አቀበለችኝ።

አሁን የሚገርመውን ልንገርሽ፤ ይህን የሚረዳኝ ከአንቺ ሌላ ሰው የለም። ሌሶው የሚታሰረው ከውስጥ በኩል ነው አይደል? በባሕሩ በኩል ብታስሪው፣ የሚገባው ነፋስ ጨርቁን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ይነፋል፣ ከብረቱ ይርቃል፣ በጎንና በጎኑ አየር ይሾልካል። የእኔ አራት የመጣው ከዚያ ነው። በግቢው በኩል ስታስሪው ግን የሚወጣው ነፋስ ጨርቁን ወደ ብረቱ ይገፋዋል። ይለጥፈዋል! ነፋሱ ሊወጣ በገፋ ቁጥር በሩን በራሱ ላይ ያጠብቃል። ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት፤ የእያንዳንዱ ብረት ቅርጽ በሌሶው ላይ ወጥቶ ይታይ ነበር። ክሮቼ በጠቅላላ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለዋል፤ አንድም የሚወዛወዝ የለም።

ቢሮ ተመልሼ ጨርቁን ከግቢ ብረት ጋር ለጥፌ አሰላሁ። ሁለት ቀን ፈጀ። አንድ ነጥብ አንድ! ክሊኒኩ ከለካው ጋር ገጠመ። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ ዘለልኩ። ስህተቴ ምን እንደሆነ ማወቅ እንደዚያ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ መፍትሔው ቀላል ሆነ። ጨርቁን ከብረቱ ስንዝር አርቂው፤ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥሪው፣ እንዳይለጠፍ። ከላይና ከታች ክፍት ይሁን፤ ወርዱ ከመስኮቱ ይስፋ። ነፋሱ በላይና በታች ዞሮ ይወጣል፤ ዓይን ግን ጨርቅ ላይ ይቀራል። አሰላሁት፤ ዘጠኝ። ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኝ! ሦስት ፍሬሞች አሠርቼ በሦስት መስኮቶች ላይ አቆምኩ። ሲስተር ሻምሳ ራሷ ግቢ ወርዳ፣ ወንዶቹ በቆሙበት ቆማ፣ አንገቷን እያሰገገች ሞከረችው።

«ምንም አይታየኝም! ብትፈልጊ ጨፍሪ!»

እኔም በእውነት ጨፈርኩ። አራሶቹ አጨበጨቡልኝ። ክሮቹም ከሦስቱ መስኮቶች ወደ ውጭ አዘነበሉ።

ለአንቺ ያለኝ ጥያቄ ይሄ ነው፤ መልሱን በድምፅ ላኪልኝ፣ የስፌት ቤቱም ይስማ። ሲስተር ሻምሳ አዲስ ሌሶ ሲወጠርና አሥር ጊዜ የታጠበ ሌሶ ሲወጠር እኩል አይደለም አለችኝ። ሞከርኩት፤ እውነቷን ነው። ክሩን ከጀርባው ሳስቀምጥ፣ በአሮጌው ውስጥ ትንሽ ያልፋል፣ በአዲሱ ምንም። ፋብሪካው የሚቀባው ማጠንከሪያ ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ነው? ወይስ ሲታጠብ ክሩ ራሱ ይቀጥናል? ደግሞስ የሳቲን መጋረጃ ለምን ከሁሉ ይብሳል? አንቺ ይህን በጣትሽ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ዘንድ ያለው ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። ማንም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም። ከነገርሽኝ ስምሽን አስገባለሁ።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በማግስቱ ሦስቱን ፍሬሞች አስነቅሎ ዕቃ ቤት አስቆለፈባቸው። ማታውኑ ወደ ኪሳውኒ፣ እኔና ናስራ ወደምንኖርበት ቤት መጣ። ናስራ የተጠበሰ ማሃምሪ ዳቦና ባቄላ በኮኮናት አቀረበችለት፤ እያመሰገነ በላ። እጁን ታጥቦ ሲጨርስ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«አንብቢው። ሦስት መስመር ነው።»

«በስሌቱ ላይ በራሴ ቸልተኝነት በተፈጸመ ስህተት» ይላል። ቸልተኝነት የሚለውን ቃል ሁለቴ አነበብኩት።

«ገጽ አሥራ አራትስ?» አልኩት።

«የቱ ገጽ? እዚህ ያለው ሪፖርት አሥራ ሦስት ገጽ ነው።»

«ፍሬሞቹን ለምን አስነቀልካቸው? ሴቶቹ ይሞቃቸዋል።»

«ፍሬም ከገባ ሕንፃው ጉድለት ነበረበት ያሰኛል። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅ። ሰኞ በኮሚቴው ፊት ፈርሚ፤ ማክሰኞ ፍሬሙ ይገባል። በእጅሽ ነው።»

«ባልፈርምስ?»

«አንቺ ልጅ፣ መሐንዲስ ለመባል የምትሞይው የልምምድ መዝገብሽ ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚፈርመው ማነው? እኔ ነኝ። ኤፕሪል ሲገባ ደግሞ ኩሲ ይነፍሳል፤ ነፋሱ ይዞራል፣ ዝናብ ይመጣል፣ ሁሉም ይቀዘቅዛል፤ ማንም አያስታውሰውም። ለሦስት ሳምንት ሙቀት ሁለት ዓመት ልፋትሽን ታቃጥያለሽ?» ከዚያ ድምፁን አለዘበና «ለእናትሽ ደውያለሁ። እሷ ትረዳለች። እሷ ለቤተሰብ ሰላም ምን እንደሚደረግ ታውቃለች» አለኝ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ልፈርም ነበር። ለመዝገቡ አይደለም፤ ለሴቶቹ። ያ የተለጠፈ ሌሶ ዓይኔ ላይ አልጠፋ አለ። የእኔ ስም በአንድ ወረቀት ላይ ቢቆሽሽና ስምንት መስኮት ቢከፈት፣ ልውውጡ ተገቢ መሰለኝ። ሐሙስ ለሲስተር ሻምሳ ደውዬ ነገርኳት።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ።»

«እንግዲያው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነይ። ከዚያ በፊት አንዲት ፊደል እንዳትጽፊ። እኛን ሰበብ አድርገሽ እጅ እንዳትሰጪ፣ እኔ አልወድም።»

ትናንት ሄድኩ። ግቢው እንደ ወትሮው በወንዶች ተሞልቷል፤ ግን በልጅ አፍንጫ የሚቀልድ የለም። የሪዚኪ ባል ምበራክ አልጋ የሚሠራ አናጢ ነው፤ ሚስቱ ከወጣች ቢቆይም ተጠርቶ መጋዙን ይዞ ተቀምጧል። ሲስተር ሻምሳ ከአንድ ቀን በፊት በመስኮት ብቅ ብላ «ሚስቶቻችሁ እዚህ ውስጥ እየተቀቀሉ ነው፤ እናንተ ሥር ቆማችሁ ተረት ትጠርቃላችሁ! እናንተን ሽሽት ነው መስኮት የሚዘጉት፤ እናንተው ክፈቱት!» ብላቸው ኖሯል። ስምንት ፍሬም በግቢው ውስጥ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ከተረፈ የአልጋ ጣውላ ተሠራ። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይቸነክራል፣ አንዱ ደግሞ ሥራ አጥቶ ስንዝሩ የማን ስንዝር ነው ብሎ ይከራከራል። በመጨረሻ የሲስተር ሻምሳ ስንዝር ተወሰደ። እያንዳንዷ አራስ የራሷን ሌሶ ከመስኮት ዘርግታ ሰጠች። እኔ ከፍሬሙ ጀርባ ቆሜ ክሮቹን ጠበቅኩ። ከስምንቱም መስኮቶች፣ ስምንቱም ክሮች፣ ወደ ውጭ። ሲስተር ሻምሳ ጥበቃውን «የጠያቂዎች ዕቃ ነው፤ የሕንፃ አይደለም፤ ኢንጂነርህ ሊነቅለው ከመጣ ባሎቹን ያነጋግር» ስትለው ሰማኋት።

ስለዚህ አሁን አጎቴ እጅ ላይ የቀረው እኔን የሚይዝበት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእኔ መዝገብ። በአንቺም ይይዘኛል።

እማዬ፣ ስለ አንቺ አንድ ነገር ልጻፍና ይቅር በዪኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት በአሮጌው ከተማ በአያቴ ቤት፣ በታችኛው ሳሎን፣ አጎቴ ወረቀት አጠገብሽ ሲያስቀምጥ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ያኔም ሦስት መስመር ሳይሆን አይቀርም። ያኔም ለቤተሰብ ሰላም ነበር። እስክሪብቶውን ተቀብለሽ ከፈረምሽ በኋላ ሻይ አቀረብሽለት። በዓመቱ ሙስካት ሄድሽ። ያ የለቀቅሽለት ቤት ዛሬ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ በየመስኮቱ ማቀዝቀዣ ተሰክቶ ይንጠባጠባል። በዚያ በኩል ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ። አንድም ቀን ጠይቄሽ አላውቅም፤ ዛሬም አልጠይቅሽም። ግን «እኔም ፈርሜ አልፌዋለሁ» ስትይ ድምፅሽ ምን እንደሚመስል፣ ሦስት ጊዜ ስለሰማሁት፣ አውቀዋለሁ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ለኮሚቴው ሁለት ወረቀት አስረክባለሁ። አንደኛው ገጽ አሥራ አራት ነው፣ ከተጻፈበትና ለአጎቴ ከላክሁበት ቀን ጋር። ሁለተኛው የራሴ ነው፦ ጠዋት ብቻ ተቀምጬ የጥየቃ ሰዓትን ሳላይ እንደቀረሁ፣ በስሌቴ ውስጥ የተሳሳተውን መስኮት እንደሸፈንኩ፣ ገጹ ሲወጣ ዝም እንዳልኩ። ይህን ያለ ማንም ግፊት እፈርማለሁ። ሲስተር ሻምሳ አብራኝ ትገባለች፤ አለባበሷን ከአሁኑ መርጣለች። ሦስተኛ ዓመቴን ሌላ መሐንዲስ ዘንድ ከመጀመሪያው መጀመር ካለብኝ እጀምራለሁ። አውቃለሁ፣ ወንድምሽ ከዚህ በኋላ ስልክሽን አያነሳ ይሆናል። ይህ ለአንቺ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ረመዳን ሊገባ ቀናት ቀርተውታል። አላህ ጾምሽን ይቀበልልሽ፣ የዓይንሽን ብርሃን ያቆይልሽ፣ ከዚያ ከታመቀ የስፌት ቤት በጤና አውጥቶ ደጄ ያድርስልኝ። መስኮት ስር አስቀመጡሽ? ወይስ አሁንም ከግድግዳው ጋር ነሽ? ንገሪኝ፤ የክፍሉን ልክ በእርምጃሽ ለክተሽ፣ በርና መስኮቱን በወረቀት ሥለሽ ላኪልኝ፤ ነፋሱ በየት እንደሚያልፍ አይቼ የት መቀመጥ እንዳለብሽ እነግርሻለሁ።

የተሳሳትኩትን በስሜ እሸከማለሁ። ያልሠራሁትን ጥፋት ግን ከእንግዲህ ማንም፣ በቤተሰብ ሰላም ስም፣ በፍቅር ድምፅም ቢሆን፣ እንድፈርምበት ወረቀት ቢያቀርብልኝ አልቀበልም፤ አጎቴ ቢሆን፣ አንቺም ብትሆኚ።

ልጅሽ
ምዋናኮምቦ አትማን